ግራ እጅ ከየት፣ ቀኝ እጅ ወደ የት

ማክሰኞ፣ ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ለተኪዳን አበራ ሰቆጣ በሚገኘው ቤቷ አረፈች። የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ሰዓቱን የነገረችኝ አጠገቧ የነበረችው ታናሽ እህቷ ናት፤ እኔ የደረስኩት ድንኳን ሲተከል ነው። ቀብሯ በማግስቱ ተፈጸመ።

በዚያን ጊዜ የአንድ ጋዜጣ የሰቆጣ ዘጋቢ ነበርኩ። አጭር የኀዘን ዜና መጻፍ ከሥራዬ አንዱ ስለሆነ ስሟን፣ ዕድሜዋንና የተቀበረችበትን ቤተ ክርስቲያን ጻፍኩና የሥራ ድርሻዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የግል ማኅደሯ «ታይፒስት» ይላል። እውነትም በጽሕፈት መኪና ነው የጀመረችው። እኔ በማውቃት ዓመታት ግን ኮምፒዩተር የሞተበት መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሁሉ ማሽኑን በአህያም በመኪናም ጭኖ የሚያመጣው ወደ እሷ ነበር። በመጨረሻ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ ላክሁት። ስህተት የለበትም፤ ግን አይበቃም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አጭር፣ ጠይም፣ ድምጿ ጎርናና የሆነ ሴት ነበረች። ሌሎች ሴቶች ብር በሚቋጥሩበት የነጠላ ጫፍ እሷ ካቻቢቴ ትቋጥር ነበር። ከእኔ በዐሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። መጀመሪያ ቀን «አንቱ» ስላት ወደ ኋላዋ ዞራ አየችና «ማንን ነው የምትጠራው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ሰዉ ሁሉ «እትዬ ለተ» አልኳት። እሷ ደግሞ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ለእሷ «ጋዜጣ» ነበርኩ።

የተዋወቅነው ሰቆጣ በገባሁበት ዓመት ነው፤ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ይሆናል። የቢሮዬ ኮምፒዩተር በቫይረስ ተይዞ አልነሣ አለኝና ተሸክሜው ሄድኩ። የምትሠራው ትምህርትን በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች ተደርድረዋል።

«ይኼን የት ታኖረዋለህ?» አለችኝ።

«ቢሮ።»

«ማሽኑን አላልኩህም። ውስጡ ያለውን።»

«ዲ ላይ ቅጂ አለኝ» አልኩ፤ ጥንቃቄዬ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ።

ሳቀች። ከጎኗ ተቀምጠው ወረቀት የሚያርሙትን ሽማግሌ ጠራች። «መምህር ሞላ! ይኸው ሌላ መጣልዎ! ዲ ላይ አለኝ ይላል!»

መምህር ሞላ ቀና ሳይሉ «እሱም እንደኛ ነዋ» አሉ።

«አንተ ጋዜጣ» አለችኝ፣ «ዲ እኮ ሌላ ቤት አይደለም። የዚያው ቤት ጓዳ ነው። ቤቱ ሲቃጠል ጓዳው እኔ የለሁበትም ይላል?»

በዚያን ጊዜ የከተማው ልማድ ይኸው ነበር። አንዱን ሃርድ ዲስክ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ግማሹን ሲ፣ ግማሹን ዲ ይሉታል፤ የሲውን ቅጂ ዲ ላይ አስቀምጠው እፎይ ብለው ይተኛሉ። መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ ራሱ ይሞትና ሁለቱም አብረው ይቀበራሉ። ከዚያ ማሽኑን ተሸክመው ወደ እትዬ ለተ ይመጣሉ፤ እሷም መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትሠራለች።

የእሷ መንገድ ሌላ ነበር። በፍሎፒ የሚነሣ አንድ ፕሮግራም ነበራት። ፕሮግራሙ ፋይል እየመረጠ አይቀዳም። የአንዱን ዲስክ ሙሉ ምስል አንሥቶ፣ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፊደሉ፣ ከነዝርክርኩ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ያሳርፈዋል። የመጀመሪያው ሲሞት ሁለተኛው በቦታው ይገባና ማሽኑ ትናንት ያቆመበት ላይ ይነሣል። «ቆሻሻህንም ጭምር ነው የማነሣልህ» ትል ነበር። «እኔ ቤት አላጸዳም። ቤቱን እንዳለ ነው የምሸከመው።»

በዚያ ቀን ሁለት ዲስኮች በተጣጠፈ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ በኬብል አገናኘቻቸው። ከዚያ እንግዳ ነገር አደረገች። ግራ እጇን በአንዱ ዲስክ ላይ፣ ቀኝ እጇን በሌላው ላይ አሳረፈች። ጮክ ብላም ተናገረች፦ «ከየት? ከዚህ። ወደ የት? ወደዚህ።» መምህር ሞላ ወረቀታቸውን አስቀምጠው ተነሥተው መጡ፣ እጆቿን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ «እውነት ነው» አሉ። ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫነች።

ጸሎት መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን የሰማሁት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ከራሷ፣ ቀጥሎም ከመምህር ሞላ። ሁለቱ የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው።

እኔ ከመምጣቴ በፊት መሥሪያ ቤቱ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በዋግ በሚነገረው በኽምጣና ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር። መምህር ሞላና ሁለት ባልደረቦቻቸው በእጅ ይጽፋሉ፤ እትዬ ለተ ትተይባለች። ኽምጣና በአማርኛ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ስላሉት ተጨማሪ ፊደላት ያስፈልጉታል። ፊደላቱን የሠራላቸው ቀድሞ እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ባለሙያ ነው። ሠርቶ አንድ ማሽን ላይ ጫነ፤ ከኪቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራምም ጫነ፤ ከዚያ ሥራ ለቆ ከአካባቢው ሄደ። መጫኛው ሲዲ ተፈልጎ አልተገኘም። ፊደሉን ነቅላ ወደ ሌላ ማሽን ለማዛወር ደጋግማ ሞክራ አልተነሣላትም። ስለዚህ ኽምጣና የሚጻፍበት ማሽን በመላው ዋግ አንድ ብቻ ነበር። «ኽምጣናው» ይሉታል።

መጽሐፉ ተተይቦ ሊያልቅ ሲል እትዬ ለተ የማሽኑን ምስል ለማንሣት አዲስ ዲስክ አስመጣች። ሁለቱ ዲስኮች መጠናቸው እኩል ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ፕሮግራሙ «ከየት» ሲላት ባዶውን መረጠች፤ «ወደ የት» ሲላት ሙሉውን መረጠች። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጸመ። ባዶው በሙሉው ላይ ተገለበጠ። ሲጨርስ ደስ ብሏት እንደነበር አትደብቅም፤ ማሽኑን ስታስነሣ ምንም አልነበረም።

ሽፋን መፈለግ ቀላል ነበር። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ ቫይረስ አለ። እትዬ ለተ ግን በቀጥታ አዘጋጆቹ ሻይ ወደሚጠጡበት ሄዳ ቆመች። «መጽሐፉን አጥፍቼዋለሁ» አለች። «መብራት አይደለም። እኔ ነኝ።»

መምህር ሞላ ሲያወሩልኝ እዚህ ላይ ይስቃሉ። «ምን ልበላት? አቀርቅራ ብትመጣ እኮ እቆጣት ነበር። እሷ ግን ደረቷን ነፍታ ልትጣላን የመጣች ነው የምትመስለው! ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ አልኳት።»

ባለሙያው ያለበት ተፈልጎ ተገኘ፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ፊደሉን ደግሞ ጫነላቸው፤ የመጫኛውን ቅጂ ግን ለእነሱ ሳይተው ተመልሶ ሄደ። መጽሐፉ ክረምቱን ሙሉ ከእጅ ጽሑፍ ላይ እንደገና ተተየበ። የእጆቿ ሥርዓት የመጣው ከዚያ ነው። ሙሉው ዲስክ ሁልጊዜ በግራ፣ ኬብሉ ላይም ሁልጊዜ አንደኛ። አፍ አውጥቶ መናገር፤ ሌላ ሰው መጥቶ ማየት። ክፍሏ የገባ ሁሉ ይህን ያደርጋል። ያልፈለገ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሥርዓቷ ምስሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

በዋግ ደጋ ገበሬው ዘሩን ሁሉ አንድ ቤት አያኖርም። ከፍሎ በሌላ ቀዬ ባለ ዘመድ ቤት አደራ ያስቀምጣል፤ በረዶ ወይም እሳት ቢመጣ አንዱ ይተርፋል ብሎ። አደራ የተቀበለውም ቤት ቢቸገር ያንን ዘር አይነካም። እትዬ ለተ የኽምጣናውን ማሽን ምስል በዚሁ ልማድ ጋዝጊብላ የሚኖሩት አጎቷ አያ ፀጋዬ ዘንድ አኖረች። ዲስኩን በላስቲክ፣ ከዚያም በጨርቅ ጠቅልላ፣ ክዳኑ በሚገጥም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከታ፣ አያ ፀጋዬ ዘር ከሚያኖሩበት ቆጥ ላይ ሰቀለችው። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደዚያ ስሄድ አብራኝ ሄዳ ነበር። ሽማግሌው ቆርቆሮውን አውርደው በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጠየቋት።

«ለተ፣ ይኼ ነገር ይበቅላል?»

«ይበቅላል አጎቴ። ብቻ እንዳያጠጡት።»

አያ ፀጋዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ከልጅነቷም እንዲህ ናት። ከእናቷ ጋር ተጣልታ እዚህ ቤት ነበር የምትደበቀው። አሁን ዕቃዋን ትደብቃለች።»

«የተደበቅሁት እውነቱ የኔ ስለነበር ነው» አለች።

«ይኸው!» አሉ አያ ፀጋዬ። «እስካሁን አልታረቀችም።»

መጽሐፍ በጨመረ ቁጥር ዲስኩን አምጥታ ምስሉን ታድሳለች፤ ሥራ በሌለው ማሽን ላይ አሳርፋ መነሣቱን ታያለች፤ መልሳ ትወስዳለች። «መልሰህ ያላየኸው ምስል አለኝ አትበል» ትለኝ ነበር። ይህን አባባሏን እኔ ለዜና ምንጭም ተጠቅሜበታለሁ።

የሦስተኛው ክፍል መጽሐፍ ሊገባደድ ሲል ነው ትእዛዙ የመጣው። በመሥሪያ ቤቱ ያሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ከበላይ በሚላክ አንድ ምስል እንዲሸፈኑ ተወሰነ። አንድ ዲስክ ይመጣል፤ የእያንዳንዱ ማሽን ይዘት ይጠፋና ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም። ቫይረስ በየቢሮው ይዛመት ነበር፤ የማይፈለግ ፕሮግራም ሞልቶ ነበር። እኔ የሄድኩት ሥራውን ለመዘገብ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ቆሜ አይቻለሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሴ ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ረጅም፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነው። ጥላቻ ያለበት ሰው አልነበረም። ደብዳቤ ሲመጣለት መፈጸም ነው የሚያውቀው። ከበላይ የመጣውን ቴክኒሽያን አስከትሎ የእትዬ ለተ በር ላይ ቆመ።

«የቀረው የእርስዎ ማሽን ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ለተኪዳን።»

«ይቅር።»

«ትእዛዝ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰርኩላሩን የተየብኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይነሡልን።»

«አቶ ደምሴ፣ ያ ምስል እዚህ ላይ ሲያርፍ ሥር ያለው ይሞታል። ጋቢ አይደለም፣ ደርቦ አይለበስም። የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ያለው እዚህ ነው።»

«ፋይሎቹን በሲዲ ያውጧቸው።»

«ፋይሉን ይዤ ፊደሉን ልጣለው? ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ነው የሚወጣው። ልጆቹ ሳጥን ይቁጠሩ?»

ቴክኒሽያኑ ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ነው የተባልነው። ለአንድ ቋንቋ ተብሎ እኮ...»

«ወንድሜ» አለችው፤ «እናቴ የሰደበችኝ በዚህ ቋንቋ ነው። በሰርኩላር ቋንቋ ተሰድቦ ያደገ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰበው ሠራተኛ ሳቀ። አቶ ደምሴም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሊስቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ፣ ግን አላረጋገጥኩም። ተመልሶ ሲዞር ፊቱ ኮስተር ብሏል። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርዎት» አለ።

እትዬ ለተ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ካቻቢቴዋን አወጣች፤ ማሽኑን ከፍታ ሃርድ ዲስኩን ነቀለች። በነጠላዋ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ማሽኑ ይኸው» አለች። «ጫኑበት።»

«ምን ላይ?» አለ ቴክኒሽያኑ።

«እሱን ሰርኩላሩ አይናገርም።»

በመካከላቸው አልፋ ወጣች። ማንም አልያዛትም።

የመንግሥት ንብረት በመውሰድና ትእዛዝ ባለመፈጸም ተከሰሰች። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ስብሰባ ላይ አልነበርኩም፤ ከነበሩት ሁለቱን ለየብቻ ጠይቄያለሁ። ዲስኩን ራሷ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ ይኸው ተረከቡ» አለች። «ውስጡ ያለው ግን ሁለተኛ ቤት አለው።»

የት እንደሆነ ጠየቋት።

«ዘር ቤት ነው» አለች። «ዘሩን የት እንዳኖረ አደባባይ ላይ የሚናገር ገበሬ ታውቃላችሁ?»

ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ የጋዝጊብላ ልጆች ነበሩ። ጥያቄውን ማንም አልደገመውም። ዲስኩ ግን ተወሰደ፤ ከበላይ የመጣው ምስልም በዚያው ቀን ተጫነበት። ኽምጣና ከሰቆጣ ማሽኖች ላይ ጠፋ። ውሳኔው ከደመወዝ ቅጣት ጋር ወደ አበርገሌ መዛወር ሆነ።

አበርገሌ ቆላ ነው፤ ወደ ተከዜ ሲወርዱ ሙቀቱ ከመኪናው ሳይወርዱ ይቀበልዎታል። ከደጋ የሚመደብ ሠራተኛ ይግባኝ ሳይል ሄዶ አያውቅም። ዕቃ ስትጭን ሄጄ ይግባኝ ትጠይቂያለሽ ወይ አልኳት፤ ለዜናው ያስፈልገኝ ነበር።

«ይግባኝ ለምን? አበርገሌም ሰው አለ። ሰዉም ኽምጣና ይናገራል።»

«ሙቀቱስ?»

«ሙቀቱ ለዲስክ አይሆንም። ለእኔ ይሆናል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እንዲህ ስታደርግ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አትሳሳቺም በለኝ፣ ጋዜጣ። ሁለተኛ ባጠፋው መምህር ሞላ ሌላ ክረምት የላቸውም። ዓይናቸው ደክሟል።»

የሚያሳስባት ይኸው ነበር። የሦስቱንም መጻሕፍት የእጅ ጽሑፍ መልሶ የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ማየት እየተሳነው ነው። የቀረው ቅጂ ያ በቆርቆሮ ውስጥ ያለው ዲስክ ብቻ ነበር። እንደማትሳሳት ላረጋግጥላት አልቻልኩም፤ የማላውቀውን አልናገርም። እጆቿን እንዳትረሳ ነገርኳት። «ይኸው ናቸው» ብላ ዘረጋቻቸው።

በመንገዷ ጋዝጊብላ ጎራ ብላ ቆርቆሮውን ይዛ ወረደች። አበርገሌ ከደረሰች በኋላ የሆነውን ያየሁት ለድርቅ ዘገባ ወደዚያ ስወርድ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ ያገኘው ኮምፒዩተር የሚነካው ሰው ጠፍቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። እሷ ቁልፉን ለምና አስከፈተች፤ አቧራውን አራገፈች፤ ከጠዋቱ ቀዝቀዝ ባለው ሰዓት ሁለቱን ዲስኮች በጨርቅ ላይ አስቀመጠች። አጠገቧ ቆሞ እጆቿን የሚያይላት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነበር። ማሽኑ ሲነሣ የሰቆጣው ማሽን ነበር፤ ከነፊደሉ፣ ከነመጽሐፉ፣ ከነዝርክርኩ። ዲስኩን በቆርቆሮው ለአያ ፀጋዬ መልሳ ላከችላቸው። ጨው ይዞ ወደ ደጋ ለሚወጣ ነጋዴ ሰጥታ «በቅሏል በላቸው» አለችው። ነጋዴው ቃሉን እንዳለ ማድረሱን አያ ፀጋዬ ነግረውኛል።

መምህር ሞላ በጭነት መኪና ወረዱ። ሁለቱ ከረፋድ በፊት እየሠሩ፣ ሙቀቱ ሲብስ እያቆሙ፣ መጽሐፉን ጨረሱ። ረቂቁ ተጠርዞ ሰቆጣ፣ አቶ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ለሌላ ጉዳይ ቢሮው ነበርኩ። ገጾቹን ገለጠ፤ ደግሞ ገለጠ።

«ይህን ፊደል አጥፍተነው አልነበር?»

«እርስዎ አጥፍተውታል» አልኩት። «እሷ አላጠፋችም።»

እስክሪብቶውን አነሣ። ከዚያ ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት እንዲላክ መራበት። ከዓመት በኋላ ወደ ሰቆጣ እንድትመለስ ፈረመ፤ የኽምጣናውም ማሽን ለብቻው እንዲቀመጥ፣ ከበላይ የሚመጣ ምስል እንዳይጫንበት ለበላይ አካል ጽፎ አስፈቀደ። ስትመለስም የማሽኑን ምስል ከአበርገሌ አምጥታ ሰቆጣ ላይ አሳረፈች፤ የአራተኛ ክፍሉም መጽሐፍ በዚያ ተተየበ፤ የቆርቆሮውም ምስል ታደሰ። ይቅርታ አልጠየቃትም። እሷም አላመሰገነችውም። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ «እንደምን አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ በቃ።

ሕመሙ እየጠና ሲመጣ ሐኪሞቹ ሥራ እንድታቆም ነገሯት። «ጡረታ የደከመው ይውጣ» አለች። በኋላ እግሯ እምቢ ሲል ግን ቤት ዋለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ስገባ አቶ ደምሴ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ከረባቱ ላይ ደርሷል። ማስጠራቷን ከእህቷ ሰማሁ። ጭኗ ላይ ሁለት የሞቱ ሃርድ ዲስኮች አሉ።

«ከሰስከኝ» ትለዋለች። «አሁን ደግሞ ትማራለህ።»

«ወይዘሮ ለተኪዳን፣ ባለሙያ እንቀጥራለን እኮ።»

«ባለሙያ ይዛወራል። እኔን ራሱ አላዛወርከኝም? አንተ ወንበርህን ስለምትወድ የትም አትሄድም። እጅህን አምጣ!»

«እርስዎ እንዳሉ...» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ከየት? ከዚህ...»

መዳፉን በካቻቢቴው እጀታ መታችው። «ይኸው አንደኛ ክፍል ሞተ! ድገም።»

ደገመ። «ወደ የት...»

«ሁለተኛ ክፍል ሞተ! አንተ ስንት ክፍል ልትፈጅ ነው?»

እህቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። አቶ ደምሴ «ቢሮ እንዲህ አይሉኝም ነበር» አለ።

«ቢሮ አለቃዬ ነህ። እዚህ ተማሪ ነህ። ግራህን አንሣ።»

ስወጣ አቶ ደምሴ ገና ከትምህርቱ አልተፈታም ነበር። በር ላይ ሆኜ የሰማሁት «ጥሩ፣ ሦስተኛ ክፍልን አተረፍክልኝ» ስትል ነው። ቀጥላም «ጋዝጊብላ ያሉት አጎቴ ቆርቆሮውን ለሥልጣን ብለው አይሰጡህም። ይጠይቁሃል» አለችው። በሕይወት ያየኋት ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለቱም ስለ ማሽን አላወራንም።

ከቀብሯ ሳምንት ሳይሞላ ሰቆጣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የኽምጣናው ማሽን አልነሣም። መምህር ሞላ ጆሯቸውን አስጠግተው ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰሙ። የአበርገሌውም ማሽን ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ ነበር። አቶ ደምሴ አዲስ ዲስክ አስገዛና ወደ ጋዝጊብላ ሰው ላከ።

በገበያ ቀን አያ ፀጋዬ መጡ። ቆርቆሮው በጋቢያቸው ሥር ነበር። እትዬ ለተ ትሠራባት በነበረችው ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ አቶ ደምሴ፣ መምህር ሞላ፣ አያ ፀጋዬና እኔ። አቶ ደምሴ የሁለቱን ዲስኮች መጠን አነበበ። እኩል ነበሩ።

ቆርቆሮውን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ አያ ፀጋዬ ወደ ኋላ ያዙት።

«ከየት ወደ የት?» አሉት።

አቶ ደምሴ ከረባቱን በሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ጨርቅ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ። አዲሱን ዲስክ በቀኙ አስቀመጠ፤ ግራውን ባዶ ተወውና እጁን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«ከዚህ» አለ፣ «የእርስዎ ሲመጣ። ወደዚህ።» ቀኝ እጁን በአዲሱ ላይ አደረገ።

ሽማግሌው ቆርቆሮውን ከፈቱ። ዲስኩን ከጨርቁም ከላስቲኩም አውጥተው ራሳቸው ከግራ እጁ ሥር አስገቡለት። አቶ ደምሴ ኬብሉን ገጠመ፤ ፍሎፒውን አስገባ። ስክሪኑ ሲጠይቀው ምርጫውን አደረገና እጆቹን እንደገና ዘርግቶ ጮክ ብሎ ተናገረ። መምህር ሞላ ዓይናቸው ስክሪኑን ስለማያነብላቸው እኔን ጠሩኝ። እጆቹን አየሁ፤ ስክሪኑን አየሁ፤ ኬብሉን በጣቴ ተከትዬ አየሁ።

«እውነት ነው» አልኩ።

ቁልፉን ተጫነ።

ሲጨርስ አቶ ደምሴ የቆርቆሮውን ዲስክ ነቅሎ ለአያ ፀጋዬ ሰጠና ማሽኑን በአዲሱ ዲስክ አስነሣው። የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ከፈተ። የመጀመሪያውን ገጽ ፊደል እየቆጠርኩ ለመምህር ሞላ አነበብኩላቸው። ሳጥን የሆነ ፊደል አልነበረም።

አያ ፀጋዬ ዲስኩን በላስቲክና በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ቆርቆሮው ውስጥ ከተው ክዳኑን ገጠሙ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ወደ ጋዝጊብላ ይዘውት ሄዱ።